«እምቢ» ላላችሁን ሁሉ፤ ከልብ እናመሰግናለን

የተጋጨች አሮጌ ላንድ ክሩዘር 80 ገዝተን፣ ቤተሰቡን ይዛ ሜዳና ተራራ የምታቋርጥ መኪና ልናደርጋት ስንነሳ «አይዟችሁ» ያለን ሰው ብዙ ነው። እግዜር ይስጥልን፤ ብርታት ሆናችሁናል። ይህን መልእክት የምጽፈው ግን ከሁሉ በላይ በየደረጃው «እምቢ፣ እንዲህ አይሆንም» ብላችሁ ላስቆማችሁን ሰዎች ነው። ዛሬ ልጆቼን ከኋላ አስቀምጬ መሪ ስይዝ ልቤ የሚያርፈው በእናንተ ምክንያት ነው።

መጀመሪያ የሸጥክልንን ወንድሜን ላመስግን። ቆርቆሮዋን አስተካክለህ፣ ቀለም ደርበህበት «ደህና ናት» ብትለን ማን ያውቅብህ ነበር? አንተ ግን ገና ስንጠይቅህ በአደጋው ዕለት የተነሱትን ፎቶዎች አወጣህ። ግጭቱ ከፊት በቀኝ በኩል መሆኑን፣ ራዲያተሩ ወደ ኋላ ተገፍቶ ከፋኑ ጋር መላተሙን፣ ሹፌሩና አጠገቡ የነበረው ሰው ቀበቶ አስረው ስለነበር በእግራቸው መውጣታቸውን ነገርከን። «ከሥር ገብታችሁ ሻንሲውን ሳታዩ ቀብድ አልቀበልም» ያልከንም አንተው ነህ። ከዚያ በኋላ የሠራነውን ሁሉ የመራው ይህ ቃልህ ነው። ቀበቶዎቹን ብቻ እንኳ ብናነሳ፣ በግጭት ጊዜ ሰው የያዘ ቀበቶ ጨርቁ ይለጠጣል፣ መጠቅለያውም ሊጎዳ ይችላል፤ ለዓይን ደህና ቢመስልም ሁለተኛ አይታመንም። የፊቶቹን ሁለቱንም አውጥተን የጣልነው እውነቱን ስለነገርከን ነው።

የባትላሜራ ሥራውን የያዙልን ጋሼ፣ ለእርስዎ የሚበቃ ቃል የለኝም። እኛ ኮፈኑና ፓራፋንጎው ተቃንቶ የመኪና መልክ እንዲኖራት ቸኩለን ነበር። እርስዎ «ቆርቆሮው የትም አይሄድም፤ መጀመሪያ ሻንሲው ይለካ» አሉ። የዚህች መኪና አካል በጎማ ትራሶች ላይ ተቀምጦ በቡሎን የሚታሰረው መሰላል በመሰለ ወፍራም የብረት ሻንሲ ላይ ነው። ሞተሩንም፣ የፊቱንና የኋላውን አክስልም የሚይዘው እሱ ነው። ሻንሲው ተጣሞ ቀለሙ ቢያምር መኪናዋ ዕድሜ ልኳን ወደ አንድ ጎን ትጎትታለች፣ ጎማም ትበላለች፣ ሌላ ግጭት ቢመጣ ደግሞ እንዴት እንደምትታጠፍ ማንም አያውቅም።

ከሻንሲው ቀዳዳዎች ቱንቢ አውርደው ነጥቦቹን ወለሉ ላይ በጠመኔ ሲያስቀምጡ፣ ከዚያ ከቀኝ ወደ ግራ፣ ከግራ ወደ ቀኝ በሰያፍ ሲለኩ አጠገብዎ ቆሜ አይቻለሁ። ሁለቱ ሰያፎች እኩል መሆን ነበረባቸው። በሙያው የሚታለፈው ልዩነት 3 ሚሊሜትር አካባቢ ነው፤ የእኛ የፊት ጫፍ ከዚያ በእጅጉ ያለፈ ነበር። በጋዝ አግለን በአንዴ እንመልሰው የሚል ሐሳብ ሲመጣም አልተቀበሉም፤ የጋለ ብረት ቢታዘዝም የፋብሪካ ጥንካሬው ሊጎድል ይችላልና። ብረቱ ሲለቀቅ ትንሽ ወደ ኋላ ስለሚመለስ በሰንሰለት በቀዝቃዛው ጥቂት ይስባሉ፣ ይለቃሉ፣ እንደገና ይለካሉ። ሰያፎቹ ከተስማሙ በኋላም አላበቁም። የብየዳ መጋጠሚያዎቹን ቀይ ፈሳሽ ቀብተው፣ ጠርገው፣ ነጩን ማውጫ ነፍተውባቸው የፀጉር ያህል ስንጥቅ ፈለጉ። አንድ ቦታ ላይ ቀዩ መስመር ብቅ ሲል ደስ ብሎኝ ነበር ብል ማንም አያምነኝም፤ ግን ደስ ብሎኛል። ጋራዥ ውስጥ መገኘቱ መንገድ ላይ ከመገኘት ይሻላላ! «ልጆች የሚጫኑባት ናት» ነበር ያሉት ለሁሉም ጥያቄያችን። እድሜና ጤና ይስጥልን።

መካኒኳ እህታችን፣ ሁላችንም የሞተሩን ድምፅ ለመስማት ስንቸኩል ቁልፉን ከእጃችን የተቀበልሽን አንቺ ነሽ። ባለ 4.2 ሊትሩ፣ ባለ ስድስት ሲሊንደሩ የ1ኤችዚ ናፍጣ ሞተር በጥንካሬው የታወቀ ነው፤ አንቺ ግን ስሙ አላታለለሽም። የታይሚንግ ቺንጋው በየ100,000 ኪሎሜትሩ መቀየር ያለበት ነው፤ የእኛው መቼ እንደተቀየረ የሚያውቅ ሰው አልነበረም። ቫልቮቹን የሚከፍተውን ካምሻፍትም የናፍጣ ፓምፑንም የሚያዞረው እሱ ስለሆነ ከተበጠሰ ፒስተኑና ቫልቩ ይላተማሉ። አዲሱን አስረሽ፣ ውኃ ፓምፑን ቀይረሽ፣ ክራንኩን በእጅሽ ሁለት ሙሉ ዙር አዙረሽ ምንም የሚነካ ነገር አለመኖሩን ካረጋገጥሽ በኋላ ነው ሞተሪኖው የተነካው።

ደግሞም ማንም ያላዘዘሽን አየሽልን። የፊት ጎማዎቹን አውጥተሽ የመሪውን መጋጠሚያ ስትከፍቺ ውስጡ ያለው ግሪስ ቀጥኖ አገኘሽው። የዲፈረንሻሉ ዘይት ያረጀውን የአክስል ጎሚኒ አልፎ ከግሪሱ ጋር ተደባልቆ ነበር። ጎሚኒውን፣ ኩሽኔታዎቹን፣ ግሪሱን ሁሉ አደስሽ። ይህ ከግጭቱ ጋር ምንም የማይገናኝ የዕድሜ ጣጣ ነው፤ ጎማው ሲታጠፍም ኃይል የሚያደርስለት መጋጠሚያ፣ ሲቪ ጆይንቱ፣ ዘይት በቀላቀለ ግሪስ ብዙ ርቀት ቢሄድ ግን ከሰው ርቀን ባለንበት ያስቆመን ነበር።

ኤሌትሪሲስታው ወንድሜ፣ ፍሪጁን በሚያሠራው በሁለተኛው ባትሪ ጉዳይ ምን ያህል እንደተከራከርን ታስታውሳለህ። 100 አምፒር ሰዓት የሊቲየም ባትሪ በቀጥታ ከዲናሞው ጋር ይገናኝ ስንልህ እምቢ አልክ። እንዲህ ያለው ባትሪ ጉልበት ያለ ልክ ስለሚስብ ዲናሞውን ያግለዋል፤ አንተ ኃይሉን መጥኖ የሚሰጥ ቻርጀር መሃል አስገባህ። ባትሪውንም ከሞተሩ ሙቀት አርቀህ ወደ ውስጥ አመጣኸው። በተለይ ያመሰገንኩህ ስለ ፊውዙ ነው። ፊውዝ የሚጠብቀው ሽቦውን ነው፤ ስለዚህ ቦታው ባትሪው ሥር ነው እንጂ ፍሪጁ አጠገብ አይደለም። ከባትሪው እስከ ፊውዙ ያለው ሽቦ ቢላጥና ብረት ቢነካ የሚያቆመው ነገር የለም። አንተ ይህን ርቀት ከእጅ ስንዝር አሳንሰህ፣ ሽቦው በቆርቆሮ ባለፈበት ሁሉ ጎማ አልብሰህ አስረከብከን። ልጆቻችን ሌሊት ከባትሪው አጠገብ ነው የሚተኙት።

አናጢው ጎረቤታችንም አለህ። መሳቢያዎቹን በወለሉ ቆርቆሮ ላይ በእንጨት ቪት ለመምታት ፈቃደኛ አልሆንክም፤ የሦስተኛው ረድፍ ወንበር ይታሰርባቸው የነበሩትን የፋብሪካ ቀዳዳዎች ፈልገህ በወፍራም ቡሎን አሰርካቸው። በ50 ኪሎሜትር ፍጥነት ላይ ግጭት ቢደርስ 10 ኪሎ ዕቃ የ200 ኪሎ ያህል ክብደት ኖሮት ወደ ፊት ሊወረወር ይችላል። በመሳቢያውና በልጆቹ ጀርባ መካከል የቆመውን የብረት መረብ ባየሁ ቁጥር አንተን አስብሃለሁ።

ባለቤቴ፣ ይህን በሰው ፊት ልበልሽ። ጣሪያ ላይ የሚዘረጋውን ድንኳን ስንቱ ሰው ሲያሞግስ፣ እኔም ልቤ ሄዶ ሳለ፣ ወረቀትና እርሳስ ይዘሽ ተቀመጥሽ። ድንኳኑ 60 ኪሎ፣ ፖርቶመጋላው ለብቻው፣ ስኮርታው ለብቻው። እያንዳንዱን ደመርሽ፤ በመኪናዋ ሰሌዳ ላይ ከተጻፈው ጠቅላላ ክብደት ጋር አስተያየሽ። ከፍ ብላ የተሠራችን መኪና አናቷ ላይ ስትጭኛት በመታጠፊያ የምትጋደለው ይብሳል። ጣሪያው ላይ ቀላል ዕቃ ብቻ ቀረ። 40 ሊትሩ ውኃ ከኋላ ወንበር ጀርባ ወለሉ ላይ ተኛ፤ 40 ኪሎ ነውና ቦታው እዚያ ነው። የምድር ድንኳን ያዝን። ተጭና ሚዛን ላይ ስትወጣ ከተፈቀደው በታች ሆነች፤ ሂሳቡ ያንቺ ነው።

ቀለም ቀቢው፣ ወንበሩን የሰፋችልን እህት፣ ያገለገለ ዕቃ ፈልገው ያገኙልን ሁሉ፣ ልጆቹን እየያዙልን ያመሹልን እናቴ፣ ሁላችሁንም እናመሰግናለን። ልጄ ሆይ፣ እያንዳንዱ ነገር ከመፈታቱ በፊት በስልክ ፎቶ እያነሳሽ፣ ቡሎኑንና ዳዶውን በየከረጢቱ ስም እየጻፍሽበት ባታስቀምጪ ኖሮ ዛሬም ገና እየገጠምን በሆንን ነበር። ታናሽ ወንድምሽም ጎማ ሲነፋ የግፊት መለኪያውን እንዲያነብ ያደረግሽው አንቺ ነሽ፤ አሁን አሸዋ ላይ አየር ስንቀንስ ከእኔ ቀድሞ ቁጥሩን ይጠራል።

የተጋጨ መኪና ይዞ ለሚጀምር ሰው የሻንሲውን የልኬት ወረቀት፣ የኤሌትሪኩን ንድፍና የክብደቱን ዝርዝር ለመስጠት ዝግጁ ነን፤ ባለሙያዎቹም ፈቅደዋል። ከመጀመሪያው ረጅም ጉዞ ስንመለስ የአክስሉን፣ የሞላውንና የመሳቢያውን ቡሎኖች ሁሉ በቶርክ ቁልፍ አንድ በአንድ እናያቸዋለን። ጋሼ ሰያፉን ደግመው ሊለኩልን ቃል ገብተዋል። በዚያን ቀን ሁላችሁም ተጋብዛችኋል፤ ከሥር ገብታችሁ እዩልን፣ ያልተስማማችሁበት ነገር ካለም ንገሩን።

ከባለቤቴና ከልጆቼ ጋር፣ በታላቅ አክብሮት