አራተኛው ደብዳቤ፦ ለምርምር ገንዘብ መዳቢው መሥሪያ ቤት ኃላፊ

ክቡር ኃላፊ፣

ላሲክስ የተባለው መድኃኒት በሴፕሲስ (ሰውነት ለኢንፌክሽን በሚሰጠው የተዛባ ምላሽ የራሱን አካል የሚጎዳበት ጽኑ ሕመም) ላይ እንዲጠና ገንዘብ ጠይቄ ሦስት ጊዜ ጽፌልዎታለሁ። ሁለቱ መልስ አላገኙም። ለሦስተኛው አንድ መስመር መጣልኝ፦ «ርዕሱ አዲስነት ይጎድለዋል።» አራተኛውን እንግዲህ ሰው ሁሉ ያንብበው።

ልክ ነዎት፣ ላሲክስ አዲስ አይደለም። የሚያሸና መድኃኒት መሆኑን ተማሪም ያውቃል። የባለቤትነት መብቱ ካበቃ ቆይቷል፣ ዋጋውም ርካሽ ነው። ስለዚህ በሴፕሲስ ላይ ላጥናው የሚል ኩባንያ አይመጣም። የሕዝብ ገንዘብ ያስፈለገው ለዚህ መስሎኝ ነበር።

አንዲት ወጣት እናት በሴፕሲስ ታማ እኛ ክፍል ገባች። ፈሳሽ በብዛት ሰጠናት፤ ግድ ነበር። በአራተኛው ቀን የደም ግፊቷ ተስተካከለ። ሰውነቷ ግን አብጦ፣ እግሯን በጣት ስንጫነው ይሰረጉዳል። ከመተንፈሻ ማሽኑ ልናላቅቃት አልቻልንም። እኔ ላሲክስ እንጀምርላት አልኩ። ባልደረባዬ ግፊቷ ይወድቃል፣ ኩላሊቷን እንጎዳለን አለ። ሁለታችንም በእጃችን ማስረጃ አልነበረንም። ጠበቅን። በስድስተኛው ቀን አረፈች።

ላሲክስ ያድናት ነበር አልልም። የሚያንገበግበኝም ይኸው ነው፤ ያድናት ነበር ማለትም፣ አያድናትም ማለትም አልችልም።

ነገሩ ቀላል ቢሆን ባልጨቀጨቅሁዎት። ሴፕሲስ የደም ሥርን ግድግዳ ያሳሳዋል፤ ፈሳሹ እያፈሰሰ ወደ ውጭ ይወጣል። በሽተኛው አብጦም ደም ሥሩ ውስጥ ያለው ሊያንስ ይችላል። ላሲክስ ደግሞ የሚቀንሰው መጀመሪያ እሱን ነው። ቸኩለው ከሰጡት ግፊት ይጥላል፣ ከዘገዩ ሳንባ ውሃ ይቋጥራል።

እ.ኤ.አ. በ2006 የወጣ የአሜሪካ ጥናት ሳንባቸው የተጎዳ 1,000 ሕሙማንን አይቷል። ፈሳሽ እየተቆጠበ ላሲክስ የተሰጣቸው ቶሎ ከማሽን ተላቀቁ፤ የሟቾች ቁጥር ግን ያን ያህል አልተለየም። ግፊታቸው በወረደ ሰዓትም ላሲክስ አይሰጣቸውም ነበር። የ2021ዱ ዓለም አቀፍ የሴፕሲስ መመሪያ በመጀመሪያዎቹ 3 ሰዓታት ለእያንዳንዱ ኪሎ የሰውነት ክብደት 30 ሚሊ ሊትር ፈሳሽ ስጡ ይላል። ከዚያ በኋላ እንቆጥብ ወይስ እንቀጥል ሲባል፣ በቂ ማስረጃ የለም ብሎ ያልፋል። አዲስነት የጎደለው ይኼ ነው?

ደንባችሁን ከእኔ ይልቅ እርስዎ ያውቁታል። ውድቅ የሆነ ፕሮፖዛል የገምጋሚዎቹ አስተያየት ተያይዞ ይመለሳል ይላል። የእኔስ የታለ?

የጽኑ ሕሙማን ክፍል ሐኪም