ሳተላይቱማ አይቷል፣ ማን ይሂድ?

ሰላም ለዝግጅት ክፍሉ፣ ድሮንና ሳተላይት ለደንና ለዱር መሬት ጥበቃ ምን ያህል እንደሚጠቅሙ ያወጣችሁትን ጽሑፍ አነበብኩት፣ አሪፍ ነው፣ ግን አንድ ነገር ቅር ስላለኝ ነው የምጽፈው። ጽሑፉን ያነበበ ሰው መሳሪያው አንዴ ከተገዛ ደኑም ግጦሹም የዱር እንስሳውም ዳነ ብሎ ነው የሚነሳው። እንደዛ ቢሆንማ ስንቱ ችግር ድሮ ባለቀ ነበር።

ማየትማ ከጀመርን ቆየን እኮ። ላንድሳት የሚባሉት ሳተላይቶች ከ1972 ጀምሮ (ዓመቶቹን በሙሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ያዙልኝ) መሬትን ፎቶ ሲያነሱ ነው የኖሩት፣ ከ2008 ወዲህ ደግሞ ፎቶው ለማንም በነጻ ነው። የአውሮፓዎቹ ሴንቲኔል 2 ሳተላይቶች 10 ሜትር በ10 ሜትር የሆነችን ቦታ በየ5 ቀኑ ያሳያሉ፣ ደመና አስቸገረ ከተባለ ሴንቲኔል 1 በራዳር ደመናውን አልፎ ያያል፣ እሱም በነጻ ነው። ስለዚህ አብዛኛውን ጊዜ የጎደለው ዳታ አይደለም፣ ዳታው ከመጣ በኋላ ማን ምን ያደርጋል የሚለው ነው።

ብራዚልን እዩ። በ2004 ዴቴር የሚባል ሲስተም ጀመሩ፣ ኢንፔ የሚባለው የጠፈር ምርምር ተቋማቸው አማዞን ውስጥ አዲስ የደን ጭፍጨፋ በሳተላይት ሲያይ ለኢባማ ይልካል፣ ኢባማ ማለት የአካባቢ ጥበቃ ሕግ የሚያስከብረው መስሪያ ቤት ነው፣ ሰዎቹ ቦታው ድረስ ሄደው ይቀጣሉ፣ መሳሪያ ይወርሳሉ፣ መሬቱን ያግዳሉ። በ2008 ደግሞ እዛ አካባቢ የእርሻ ብድር የሚፈልግ ሰው የመሬትና የአካባቢ ጥበቃ ሕጉን ማክበሩን የሚያሳይ ወረቀት እንዲያመጣ ተደረገ። በ2004 ወደ 27,800 ካሬ ኪሎ ሜትር የነበረው ዓመታዊ ጭፍጨፋ በ2012 ወደ 4,600 ወረደ። ሳተላይቱ ብቻውን አላወረደውም፣ ከኋላው መኪና፣ ቅጣትና ባንክ ስለነበረ ነው። ጨፍጫፊውም ቢሆን ዝም ብሎ አልተቀመጠም፣ ያኔ ሲስተሙ ከ25 ሄክታር በታች የሆነውን እንደማያይ ሲገባው በትንሽ በትንሹ መቁረጥ ጀመረ፣ ብልጥ ነዋ! በኋላ ደግሞ ሕግ ማስከበሩ ሲላላ፣ በ2019 ጭራሽ የኢንፔ ኃላፊ የነበሩት ሪካርዶ ጋልቫኦ የተቋሙን ቁጥር ደግፈው ከፕሬዚዳንቱ ጋር ሲጋጩ ከቦታቸው ተነሱ፣ በ2021 ጭፍጨፋው 13 ሺህ ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ ደረሰ። ሳተላይቱ እኮ ያኔም ከላይ ሆኖ እያየ ነበር፣ እንደውም ከበፊቱ በተሻለ ጥራት።

ሌላው የሚያናድደኝ ካርታ ላይ አረንጓዴ የሆነውን ሁሉ ጤነኛ ነው ማለት ነው። ኤንዲቪአይ የሚባለው መለኪያ የሚሰራው ቀላል ነው፣ ቅጠል ቀይ ብርሃንን ይውጣል፣ ለዓይን የማይታየውን ኢንፍራሬድ ደግሞ መልሶ ያንጸባርቃል፣ የሁለቱ ልዩነት ሲሰላ ምን ያህል ለምለም ቅጠል እንዳለ ይነግርሃል። የምን ቅጠል እንደሆነ ግን አይነግርህም። ሳር የነበረበት ግጦሽ ከብት በማይበላው ቁጥቋጦ ሲወረር ካርታው ከዓመት ዓመት እያማረበት ይሄዳል፣ ከብቱ ደግሞ እየከሳ፣ ቢሮ የተቀመጠው ሰው መሬቱ አገግሟል ብሎ ሪፖርት ሲጽፍ አርብቶ አደሩ አንዴ ዞር ብሎ አይቶ ይሄ ቦታ ሞቷል ይልሃል፣ እኔ የማምነው እሱን ነው። ደኑም እንደዛው ነው፣ በ2013 የወጣውና ሁሉም የሚጠቀምበት የዓለም የዛፍ ሽፋን ካርታ ከ5 ሜትር በላይ የሆነውን ተክል ነው ዛፍ ብሎ የሚቆጥረው፣ የተፈጥሮ ደን ይሁን በመስመር የተተከለ አንድ ዓይነት ዛፍ ለእሱ ያው ነው። መሬት ላይ ወርዶ የሚያጣራ ሰው ካልተመደበ ካርታው ራሱ ያሳስታል።

የዱር እንስሳ ሲያልፍ በራሳቸው ፎቶ እንዲያነሱ ዛፍ ላይ የሚታሰሩት ካሜራዎችም ጠቃሚ ናቸው፣ ነፋስ ያወዛወዘውን ሳር ሁሉ አውሬ እየመሰላቸው የሚያነሱት የፎቶ ክምር እንዳለ ሆኖ፣ አሁን ባዶውን ኤአይ እየለየ ስለሚጥለው ስራው ቀሏል።

እኔ ብጠየቅ ግዢው ሳይፈጸም በፊት አንድ ገጽ ወረቀት ይጻፍ ነው የምለው። የዝናቡ ወቅት ተጋምሶ ልምላሜው ከሌላው ጊዜ በዚህን ያህል ከቀነሰ መንጋው ወዴት ይሄዳል፣ ማንስ ነው የሚወስነው፣ እዛው የሚኖሩት ሰዎች ተስማምተውበታል ወይ? የጭፍጨፋ ማስጠንቀቂያ ሲመጣ በስንት ቀን ውስጥ ነው ሰው ቦታው የሚደርሰው? የእሳት ከሆነማ ቀንም አይሰጥም፣ በሰዓት ነው፣ ሳተላይቱ ራሱ በሁለት ዙሩ መሃል ተነስቶ የጠፋውን እሳት ላያየው ይችላል። ይሄ ሳይጻፍ የተገዛ ሲስተም ማስጠንቀቂያውን እረፍት የወጣ ሰው ኢሜይል ውስጥ ሲያጠራቅም ይከርማል።

እናንተም በሚቀጥለው እንዲህ ዓይነት ፕሮጀክት ስትዘግቡ የድሮኑን ዋጋና የካሜራውን ጥራት ከጠየቃችሁ በኋላ ለጠባቂዎቹ ነዳጅና አበል ስንት እንደተያዘላቸውም ጠይቁልን፣ መልሱንም አብራችሁ አትሙት።

ከአንባቢያችሁ አንዱ