ሚስማርሽ ተገኘ

እህት ዓለም፣

መጀመሪያ ይቅርታ። ያኔ የላክሽልኝን ረጅም መልእክት ሦስቴ አንብቤዋለሁ። «ተረጋግቼ እመልስላታለሁ» አልኩ። ሳምንት ሆነ፣ ወር ሆነ። ከዚያ አፈርኩ። ሁለት ዓመት አለፈው። ሰበብ የለኝም። ስትመጪ ፊት ለፊት ትቆጪኛለሽ። አሁን ግን የምነግርሽ ነገር አለ፣ ጊዜ አይሰጥም።

ማንጎው ተቆረጠ።

አውቃለሁ። ቁጭ ብለሽ አንብቢው። ሥሩ አካባቢ እንጉዳይ አብቅሎ ነበር። ግንዱን በአንድ በኩል ስታንኳኪው እንደ ባዶ በርሜል ይጮሃል። ከዝናቡ በኋላ ወደ ጣሪያው አዘነበለ፤ ከጣሪያው በተቃራኒ በኩል ያለው አፈርም ተሰነጠቀ። ልጆቹ የሚተኙት ደግሞ በዚያ በኩል ነው። ምርጫ አልነበረኝም። ሳልነግርሽ ማስቆረጤ ግን እስካሁን ይከነክነኛል። ስልኬን አንስቼ፣ ስምሽ ላይ ደርሼ ተመልሻለሁ።

የምናዘዘው ሌላም አለ። ቆራጩ «እንጨቱን ምን ላድርገው?» ሲለኝ «ፍለጠው፣ ለማገዶ ይሆናል» አልኩት። ሳላስብ ከአፌ ወጣ። ሰውዬው ቅርንጫፉን ሲከታትፍ ዋለ። ከዚያ ወደ ግንዱ ገባ። ትንሽ እንደሄደ መጋዙ ጮኸ፣ ብልጭታ ረጨ። ሞተሩን አጥፍቶ የመጋዙን ጥርስ ማየት ጀመረ። ጠጋ ብዬ ሳይ እንጨቱ ላይ ጥቁር ሰማያዊ እድፍ አለ። የፈሰሰ ቀለም ይመስላል፤ ወደ ላይና ወደ ታች ተስቧል። መሃሉ ላይ አንዲት የምታብለጨልጭ ነጥብ።

ሚስማርሽ ነው!

ቦርሳችንን የምንሰቅልበት። በድንጋይ ስትመቺው ጣትሽን ያገኘሽው። «ዛፉ ሲያድግ ሚስማሩም አብሮ ይወጣል፣ ቦርሳችንን በመሰላል ነው የምናወርደው» ብለሽኝ ስንት ቀን ተጨቃጨቅን? ጉቶውንና ግንዱን አንድ ላይ በሜትር ለካኋቸው። 1 ሜትር ከ30 ላይ ነው። ያኔ አናታችን ጋ ነበር፤ ዛሬ ደረቴ ጋ ነው። ንቅንቅ አላለም። ዛፍ የሚረዝመው ከጫፍ ከጫፉ ነው። ግንዱ ይወፍራል እንጂ ወደ ላይ አይሳብም። ከቅርፊቱ ሥር አዲስ እንጨት እየደረበ ሚስማሩን ዋጠው። አሁን ከቅርፊቱ 9 ሳንቲ ሜትር ወደ ውስጥ ገብቷል። ተሸንፈሻል፤ ይኸው በጽሑፍ።

ከዚያ ወዲህ «ማገዶ» የሚለውን ቃል መስማት አልፈልግም። ሰውዬውን ከፍዬ ሸኘሁት። ጭንቀቴ የጀመረው ያን ጊዜ ነው።

መጀመሪያ ምን እንዳደረግሁ ልንገርሽ። ከግንዱ ጫፍ ሁለት ክብ ቁራጭ አስቆርጬ ነበር፤ እንደ ትሪ ክብ፣ አራት ጣት ውፍረት። ለትንሽ ጠረጴዛ ይሆኑኛል አልኩ። ውስጡ እንዴት እንደሚያምር ብታዪ! ወርቃማ ቡኒ ነው፤ አልፎ አልፎ ጠቆር ያለ መስመር ይሄድበታል። ፀሐይ ላይ አስቀመጥኳቸው። በአራተኛው ቀን ሁለቱም ከመሃል እስከ ቅርፊት ተከፍተው አገኘኋቸው። ስንጥቁ ጣቴን ያስገባል። አለቀስኩ ብልሽ ታምኛለሽ?

በኋላ ነው የገባኝ። እርጥብ እንጨት ሲደርቅ ይኮማተራል፤ ግን በሁሉም በኩል እኩል አይደለም። በዕድገት ቀለበቶቹ ዙሪያ የሚኮማተረው ከመሃል ወደ ቅርፊት ከሚኮማተረው እጥፍ ያህል ነው። ስለዚህ ሙሉ ክብ የሆነ ቁራጭ የሚሄድበት የለውም፣ ይቀደዳል። ግንዱን በመሃሉ ለሁለት ከሰነጠቁት ግን ውጥረቱ ይላላል። ውሃው ደግሞ ቶሎ የሚወጣው በተቆረጠው ጫፍ በኩል ነው። ጫፉ ቀድሞ ደርቆ ይሰነጠቃል፣ ስንጥቁ ወደ ውስጥ ይሄዳል። ይህን እንዳወቅሁ ከግድግዳ የተረፈ ቀለም ነበረኝ፣ የግንዶቹን ጫፍ በሙሉ ሁለት ሁለት ጊዜ ቀባሁ። ከመሬት አንስቼ ድንጋይ ላይ አጋደምኳቸው። ከላይ ቆርቆሮ አለ፣ ጎንና ጎኑ ለንፋስ ክፍት ነው። ልክ ነኝ? ቅርፊቱን ግን አልላጥኩም። ነቀዝ ከሥሩ ይራባል የሚል ሰምቻለሁ፤ በአንዱ ግንድ ላይ ደግሞ እንደ ዱቄት የደቀቀ ነገር አይቻለሁ። አሁን ልላጠው ወይስ አንቺን ልጠብቅ?

ጣውላ የሚሰነጥቁ ሰዎችም ጠይቄ ነበር። «የግቢ ዛፍ ሚስማር አያጣም፣ መጋዛችንን ይሰብረዋል» ብለው መለሱኝ። ከፋኝ፤ ግን ሐሰት አልተናገሩም። ሚስማሩ ያለበትን ቁራጭ ደብቄ ልልክላቸው አልችልም።

ስለዚህ በእጅ ነው የሚሠራው። በእጅ ደግሞ የማውቀው ሰው አንድ ነው፣ እሱም አንቺ ነሽ።

ጣውላ ካወጣን 2.5 ሳንቲ ሜትር ውፍረት ያለው ለመድረቅ አንድ ዓመት ገደማ ይፈልጋል ይባላል። 5 ሳንቲ ሜትር ከሆነ ሁለት ዓመት። እኔና አንቺ ዝም የተባባልንበትን ያህል። ማንጎ ግን እርጥቡን ከቆየ ሻጋታው ቶሎ ይገባበታል፣ ያጠቁረዋል። አንዳንዱ ሰው መልኩን ይወደዋል። እኔ ግን እየበሰበሰ ሲያጌጥ ማየት አልፈልግም።

ማንኪያና ማማሰያ በእርጥቡ ይሻላል ትዪኝ ነበር፤ ቢላው እንደ ቅቤ ይሄዳል፣ ከዚያ ከራሱ ፍቅፋቂ ጋር ወረቀት ከረጢት ውስጥ ከትቶ ቀስ ብሎ ማድረቅ። ያልረሳሁት ሌላም አለ። ለበርጩማ መቀመጫው እርጥብ፣ እግሮቹ ደረቅ ይሁኑ፤ መቀመጫው ሲኮማተር እግሮቹን አንቆ ይይዛቸዋል ብለሽኛል። ያን ቀን እየሰማሁሽ አልመሰለሽም ነበር። እየሰማሁ ነበር። ለእግር የሚሆኑ ቀጥ ያሉ ቅርንጫፎች መርጬ ቅርፊታቸውን ልጬ ቤት ውስጥ አቁሜያለሁ። ስትልጪው ጓንት አድርጊ፤ ጭማቂው ክንዴን ሲያሳክከኝ ሰነበተ።

ቀጫጭኑ አላስቸገረኝም። ከታትፌ ከአትክልቱ ሥር አልብሼዋለሁ፣ አራት ጣት ያህል፤ ግንዳቸውን እንዳይነካ ዙሪያውን ክፍት ትቻለሁ። ሰጋቱራውን ከአፈሩ ጋር ልቀላቅለው ስል አንዲት ጎረቤቴ ከለከለችኝ። ሲበሰብስ የአፈሩን ናይትሮጅን ይሻማል፣ ተክሉ ቢጫ ይሆናል አለችኝ። ላዩ ላይ ብቻ በተንኩት።

ዋናው ጥያቄዬ ግን ይሄ ነው። ከሚስማሩ ትንሽ ከፍ ብሎ ግንዱ መንታ የወጣበትን ቦታ ታስታውሻለሽ? እግርሽን የምትሰቅይበት። እሱን ሙሉውን አስቀርቻለሁ። መንታው ላይ የእንጨቱ ክር ራሱ ታጥፎ ነው የሚሄደው፤ ጣውላ ቆርጠሽ የምትሠሪው መንጠቆ የዚህን ያህል አይጠነክርም። ወፍራሙን ለሁለት ሰንጥቀሽ ሁለት መስቀያ ማውጣት አትችዪም? አንዱ ለእኔ በር፣ አንዱ ለአንቺ በር። ቦርሳ የሚሰቀልበት። ሌላ ምንም ባይወጣው እንኳ ይሄ ይበቃኛል።

ሚስማሩ ያለበትን ቁራጭ አልነካሁትም። እድፉን በጣቴ ብቻ ነው የዳሰስኩት። ይውጣ ካልሽ አንቺ አውጪው፤ ይቆይ ካልሽ እንዳለ ይቆያል። በእርጥብ ጆንያ ጠቅልዬ ጥላ ውስጥ አስቀምጬዋለሁ፣ ጠዋት ጠዋት ውሃ እረጭበታለሁ። እንዲህ አድርጌ ግን ብዙ ማቆየት አልችልም።

መሮሽን ይዘሽ ነይ። መጥረቢያና ሽብልቅ እዚህ አለ። ልትመጪ ካልቻልሽ ወይም መምጣት ካልፈለግሽ፣ መንታውን ከየት ጀምሬ እንደምሰነጥቀው ብቻ ጻፊልኝ። ግን በዚህ ሳምንት ይሁን፣ እባክሽ።

የአንቺው