ፕላስቲኩ ማኒፎልድ ያለ ጥፋቱ አይጣል

ይድረስ ለጋዜጣው አዘጋጅ፤

ባሕር ዳር ውስጥ ቱርቦ (ወደ ሞተሩ የሚገባውን አየር አምቆ የሚገፋ መሣሪያ) ያለው መኪና ጉልበት ሲያንሰው ወይም ዳገት ላይ ሲያፏጭ ከጋራዥ ፈጥኖ የሚመጣ ምክር አለ፤ «ፕላስቲኩን ማኒፎልድ አውጣና የብረት አስገባ» የሚል። ማኒፎልድ ማለት የሚገባውን አየር ለሲሊንደሮቹ የሚያከፋፍለው የሞተሩ ክፍል ነው። ምክሩ ባለንብረቱን ብዙ ያስወጣዋል፤ አብዛኛውን ጊዜም ችግሩን ከቦታው አያነሳውም። ከ2016 ዓ.ም. ወዲህ የነዳጅ አውቶሞቢል ወደ አገር እንዳይገባ በመከልከሉ በእጃችን ያሉት መኪኖች ገና ብዙ ዓመት ሊያገለግሉን ይገባል። እንዲህ ባለ ጊዜ ያለ ምርመራ ዕቃ መጣል ያሳዝናል።

ይህ ፕላስቲክ የጄሪካን ፕላስቲክ አይደለም። ከክብደቱ ሲሶ ያህሉ የመስታወት ክር የሆነ ናይለን ነው፤ የሚቀልጠውም እንደ ዓይነቱ ከ220 እስከ 260 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ላይ ነው። ቮልስዋገን በ1.4 ቲኤስአይ ሞተሩ ላይ በውሃ የሚቀዘቅዘውን ኢንተርኩለር (ከቱርቦ የሚወጣውን አየር የሚያበርደውን ክፍል) ሳይቀር ያስቀመጠው በፕላስቲክ ማኒፎልድ ውስጥ ነው። ስለዚህ መጠየቅ ያለበት ማኒፎልዱ ከምን ተሠራ ሳይሆን ለየትኛው ሞተር ተሠራ የሚለው ነው። ቪትዝን በመሰለ ቱርቦ አልባ ሞተር ላይ ውስጡ ያለው ግፊት ከውጭው ስለሚያንስ የውጭው አየር ማኒፎልዱ የተሠራባቸውን ሁለት የተበየዱ ግማሾች እርስ በርስ ያጣብቃቸዋል። ቱርቦ ሲኖር ግን አየሩ ከውስጥ ወደ ውጭ ይገፋል፣ ብየዳውንም ለመፈልቀቅ ይታገላል። ቱርቦው 1 ባር ሲጨምር በእያንዳንዱ ካሬ ሴንቲ ሜትር ላይ አንድ ኪሎ ያህል ያርፋል። 20 በ10 ሴንቲ ሜትር የሆነ አንድ የማኒፎልድ ጎን ሁለት ኩንታል ተሸከመ ማለት ነው። ለቱርቦ የተሠራው ይህን እንዲችል ግድግዳው ወፍሮ በማጠናከሪያ አጥንቶች ተደግፏል። ቱርቦ አልባ ሞተር ላይ ቱርቦ ልጨምር ለሚል ሰው ግን የብረቱ ምክር ትክክል ነው።

የምንኖርበት ከፍታም የራሱ ድርሻ አለው። 1,800 ሜትር ገደማ ላይ የአየሩ ግፊት 0.82 ባር አካባቢ ነው። የሞተሩ ኮምፒውተር ማኒፎልዱ ውስጥ በጠቅላላው 1.8 ባር ቢፈልግ፣ ቱርቦው በባሕር ጠለል ላይ 0.8 ባር ሲጨምር እዚህ ግን ወደ 1 ባር መጨመር ይኖርበታል። በግድግዳው ላይ የሚያርፈው ጫና በሩብ ገደማ በዛ ማለት ነው። ከቱርቦው የሚወጣው አየርም 30 ዲግሪ ያህል ጨምሮ ይግላል። ኢንተርኩለሩ በአቧራና በሐይቅ ዳር ትንኝ ተደፍኖ ከደጀን ወርዶ ወደ ጎሐ ጽዮን የሚወጣ መኪና ይህን ሁሉ ሙቀት ለማኒፎልዱና ለጎማ ቱቦዎቹ ያስረክባል። ኢንተርኩለሩን ማጠብ ማኒፎልድ ከመቀየር በፊት የሚሠራ ሥራ ነው።

የብረቱ ጥቅም እውነት ነው። ከፋብሪካ የወጣ አሉሚኒየም ቢሰነጠቅ በአርጎን ይበየዳል፣ ቢጣመም ፊቱ ይስተካከላል። ነገር ግን ከቴስታታው (ከሲሊንደሮቹ ክዳን) ጋር ተጣብቆ ስለሚግል መኪናው በነዳጅ ሰልፍ ላይ ሲቆም የሚገባውን አየር ያሞቃል፤ ክብደቱም ይበልጣል። አደገኛው በላሜራ ተበይዶ እዚሁ የሚሠራው ነው። ከብየዳ የተረፈች የጎመን ዘር የምታክል የብረት ፍንጣሪ ከውስጥ ተጣብቃ ትቆይና ሞተሩ ሲንቀጠቀጥ ተላቃ ሲሊንደር ውስጥ ትገባለች። ከዚያ በኋላ የፒስተኑን ራስና የቫልቩን መቀመጫ ትቧጭራለች።

ጥፋቱ ማኒፎልዱ ላይ መሆኑን ለማወቅ ምልክቶቹን አንድ ላይ ማየት ነው። የአየር መጠን መለኪያ ሴንሰር ባለው የቤንዚን መኪና ላይ አንዱ ስንጥቅ ሁለት ተቃራኒ ነገር ያሳያል። በሚኒሞ ጊዜ (ነዳጅ ሳይረገጥ ሞተሩ ሲዞር) ያልተለካ አየር ስለሚስብ ድብልቁ ነዳጅ ያንሰዋል፣ በመመርመሪያ መሣሪያ ላይ የስህተት ኮድ ፒ0171 ይመጣል። ቱርቦው ሲገፋ ደግሞ የተለካው አየር በስንጥቁ ስለሚያመልጥ ነዳጁ ይበዛል። በናፍጣ መኪና ላይ የሚታየው የጉልበት ማነስና ጥቁር ጭስ ነው፤ ብዙ ጊዜ የቱርቦ ግፊት ማነስን የሚያሳየው ኮድ ፒ0299 ይወጣል። እዚህ ላይ አንድ የተለመደ ስህተት አለ፤ በውጭ ማኑዋል ላይ የሚኒሞ ቫክዩም (በማኒፎልዱ ውስጥ ያለው የመሳብ ኃይል) ከ18 እስከ 22 ኢንች ሜርኩሪ ስለሚል እዚህ 14 ያሳየን ጤነኛ የቤንዚን ሞተር «አየር ይስባል» ብሎ መፍታት። በእኛ ከፍታ ከ12 እስከ 16 ጤነኛ ነው።

ምርመራው ርካሽ ነው። ከአየር ማጣሪያው ወደ ቱርቦው የሚገባውን ቱቦ ነቅሎ የጎማ ቫልቭ በተገጠመበት ክዳን መዝጋት፣ ከክራንክ ኬዝ (ከሞተሩ የታችኛው ክፍል) የሚመጣውን የመተንፈሻ ቱቦ መድፈን፣ የዘይት መሙያውን ክዳን መክፈት፣ ከዚያም አየር መስጠት። የጎሚስታ ኮምፕረሰር 8 ባርና ከዚያ በላይ ስለሚይዝ ያለ መቀነሻ በፍጹም አይገናኝ፤ ሲሉን (የጎማ ማሸጊያውን) ያወጣዋል፣ ቱቦውን ያፈነዳዋል። ከ0.3 ባር ጀምሮ ቀስ እያሉ እስከ 0.8 ማድረስ ይበቃል። የሳሙና ውሃ በስፖንጅ መጀመሪያ በቱቦ ማሰሪያዎቹና በኢንተርኩለሩ ጫፎች፣ ቀጥሎ በጋስኬቱ (በማኒፎልዱና በሞተሩ መካከል ባለው ማሸጊያ) ዙሪያ፣ በመጨረሻ በማኒፎልዱ የብየዳ መስመር ላይ ይቀባል። አረፋው አብዛኛውን ጊዜ የሚወጣው ከመጀመሪያዎቹ ነው።

በእርግጥ የተሰነጠቀ ፕላስቲክ ከተገኘ ማጣበቂያና የጋለ ብረት አያድኑትም። ናይለን ላይ ማጣበቂያ በደንብ አይዝም፤ በጋለ ብረት የተደፈነውም ቦታ የመስታወት ክሩ ስለተቋረጠ ግፊቱን አይችልም። መቀየር ብቻ ነው። ያገለገለ ዕቃ ሲገዛ የክፍል ቁጥሩ ከነባሩ ጋር ይመሳከር፤ ቱርቦ ያለውና የሌለው ሞተር ማኒፎልድ በዓይን ሊመሳሰል ይችላል። በብሎን ቀዳዳዎቹ ውስጥ ያሉት የብረት ቀለበቶች መኖራቸው ይታይ። ቀጥ ያለ ማስመሪያ በፊቱ ላይ አስቀምጦ ከሥሩ 0.2 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው የመለኪያ ምላጭ የሚገባ ከሆነ አለመግዛት ይሻላል።

አሮጌ ጋስኬት በእንጨት ይፈቀፈቅ፣ በካቻቢቴ አይሁን። በፕላስቲኩ ጎድጓዳ ውስጥ የሚቀመጠው የጎማ ሲል አዲስ ይሁን፤ ደረቁን ይገጠም፣ ሲሊኮን አይቀባ። ብሎኖቹ ከመሃል ወደ ዳር፣ በሁለት ዙር ይጥበቁ። ፕላስቲክ ላይ ያለ 6 ሚሊ ሜትር ብሎን አብዛኛውን ጊዜ 10 ኒውተን ሜትር አካባቢ ይበቃዋል፤ ትክክለኛው ቁጥር በየሞተሩ ማኑዋል አለ። «በደንብ ጥብቅ ይበል» ተብሎ በረጅም ቁልፍ ሲጎተት ቀለበቱ ይሰምጣል፣ ዙሪያው ይሰነጠቃል። ወር ሳይሞላ ማፏጨቱ ሲመለስ የሚወቀሰው ደግሞ ፕላስቲኩ ነው።

ለመለዋወጫ ነጋዴዎች አንድ ጥያቄ አለን፤ ያገለገለ ማኒፎልድ ስትሸጡ የወጣበትን ሞተር ስምና ቱርቦ ያለው መሆን አለመሆኑን በደረሰኙ ላይ ጻፉልን።

አክባሪዎችዎ
የተሽከርካሪ ጥገና ባለሙያዎች፣ ባሕር ዳር