ተባዩን መድኃኒት የሚያስለምደው የእኛው አረጫጨት ነው

ለጋዜጣው አዘጋጅ፣

በቅርቡ ስለ አዲስ አበባ ዙሪያ አትክልት አምራቾች ባወጣችሁት ጽሑፍ፣ ገበሬው ደጋግሞ እየረጨ ተባዩ አልሞት ያለው ገበያው በተበረዘ መድኃኒት ስለተሞላ ነው ብላችኋል። የተበረዘ መድኃኒት መኖሩን አልክድም፤ እኔም በአቃቂ በኩል ጥቅል ጎመንና ቆስጣ የማመርት፣ የሰብል ጥበቃም የተማርሁ ሰው በመሆኔ ጉዳቱን አውቀዋለሁ። ይሁን እንጂ ጥፋቱን ሁሉ ነጋዴው ላይ መጫን፣ በራሳችን አረጫጨት ምክንያት በተባዩ ገላ ውስጥ የሚካሄደውን ለውጥ እንዳናይ ያደርገናል።

ተባይ መድኃኒት ለመደ ሲባል ብዙ ጊዜ የሚሰጠው ማብራሪያ፣ መርዙን በተፈጥሯቸው የሚችሉ ጥቂት ነፍሳት ተርፈው ይራባሉ የሚል ነው። ይህ እውነት ነው፤ ዛሬም ዋናው ምክንያት ይኸው ነው። ምርምር ግን ሌላም መንገድ እንዳለ አሳይቷል። ነፍሳት በሙቀት፣ በረሃብ ወይም በመርዝ ሲጨነቁ፣ ዘረ መላቸው እንዳለ ሆኖ፣ የትኛው ዘረ መል ይሥራ የትኛው ይተኛ የሚለው ቁጥጥር ሊለወጥ ይችላል፤ ይህም የሚሆነው በዲኤንኤው ላይ በሚለጠፉ ሜታይል በሚባሉ ጥቃቅን ኬሚካላዊ ምልክቶች፣ ዲኤንኤው በተጠመጠመባቸው ፕሮቲኖች ላይ በሚደርስ ለውጥና በአጫጭር የአርኤንኤ ቁራጮች አማካይነት ነው። ይህን የሚያጠናው ዘርፍ ኤፒጄኔቲክስ ይባላል። ንብ አናቢዎቻችን ንግሥቲቱና ሠራተኛዋ ከአንድ ዓይነት እንቁላል እንደሚወጡና የሚለያያቸው አመጋገባቸው መሆኑን ያውቃሉ። በ2008 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር አውስትራሊያ ውስጥ ተመራማሪዎች እነዚህን ምልክቶች የሚለጥፈውን ኢንዛይም በንብ እጮች ላይ ቢያዳክሙት፣ ከእጮቹ አብዛኞቹ የንግሥት አካል ይዘው አድገዋል።

ወደ ማሳችን ልመለስ። በጥርና በየካቲት የጎመን ቅጠል ገልብጦ ያየ ሰው፣ አመድ የተነሰነሰበት የሚመስለውን፣ የቅጠል ጭማቂ የሚመጥጠውን ጥቃቅን ተባይ፣ የክሽክሽን ክምችት አይስተውም። እናቲቱ ያለ ወንድ ሴት ልጆችን በሕይወት ትወልዳለች፤ ልጆቹም በዘረ መል እርሷኑ ናቸው። ቅጠሉ ሲጣበብ ወይም ተክሉ ሲጠወልግ ግን ከእነዚሁ ልጆች መካከል ክንፍ አብቅለው ወደ ሌላ ተክል የሚሄዱ ይወለዳሉ። አንድ ዘረ መል ክንፍ አልባም ባለ ክንፍም ያወጣል፤ ብዙውን ጊዜ የሚወስነው እናቲቱ ወይም ልጆቹ ያዩት ጭንቀት ነው። ከዚህም የሚልቀው ነገር፣ በእናቲቱ ሆድ ያለችው ልጅ ገና ሳትወለድ በራሷ ሆድ የልጅ ልጅ መጸነስ መጀመሯ ነው። አንዲት ክሽክሽ ላይ ያረፈ ጠብታ ሦስት ትውልድ በአንድ ጊዜ ይነካል ማለት ነው፤ ካልገደለ ደግሞ ሦስቱንም አስጨንቆ ይተዋቸዋል።

የኮክ አረንጓዴ ክሽክሽ በሚባለው፣ ጎመንንም ድንችንም በሚያጠቃው ሌላ ዝርያ ላይ፣ እንግሊዝ አገር በሮትሃምስቴድ የምርምር ጣቢያ ሊንዳ ፊልድና ባልደረቦቿ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ከ1980ዎቹ ማብቂያ ጀምሮ የሠሩትን እያንዳንዱ የግብርና ባለሙያ ቢያውቀው እወዳለሁ። ይህ ነፍሳ ኦርጋኖፎስፌት የሚባሉትን መድኃኒቶች የሚያመክን ኢንዛይም የሚያመርተውን ዘረ መል በብዙ ቅጂ አባዝቶ ይይዛል። ርጭቱ ሲቆም በአንዳንድ የዘር ሐረጎች ላይ ኢንዛይሙ ቀነሰ፤ ተመራማሪዎቹ ሲመለከቱ ግን ቅጂዎቹ በሙሉ እዚያው ነበሩ፤ የጠፋው ዘረ መሉ ሲሠራ ይታይበት የነበረው የሜታይል ምልክት ነበር። መድኃኒቱ ሲመለስም የመቋቋም ኃይሉ ዳግም ብቅ ሊል ችሏል። እኔ ከዚህ የምረዳው፣ አንድን መድኃኒት ማሳረፍ በእርግጥ ይጠቅማል፣ ነገር ግን ያረፈውን መድኃኒት እንደ አዲስ በላይ በላይ መርጨት የተኛውን መቀስቀስ ነው።

የድንች ጥንዚዛ ላይ በአሜሪካ የተሠራና በ2021 የታተመ ጥናትም፣ የማይገድል መጠን ያለው ኢሚዳክሎፕሪድ የተባለ ፀረ ተባይ መድኃኒት በሜታይል ምልክቶች ላይ ያስከተለው ለውጥ እስከ ልጅ ልጅ መዝለቁን አሳይቷል። ያ ጥንዚዛ የእኛ ተባይ አይደለም፤ ኢሚዳክሎፕሪድ ግን ከየሱቁ እንገዛለን። በእርግጥ ሁሉም ነፍሳት አንድ አይደሉም፤ ዝንቦች ለምሳሌ በዲኤንኤያቸው ላይ የሜታይል ምልክት እጅግ ጥቂት ነው፣ በሌሎቹ መንገዶች ነው የሚሠሩት። ስለዚህ መድኃኒት ያልሠራበትን አጋጣሚ ሁሉ ኤፒጄኔቲክስ ነው ማለትም ስሕተት ይሆናል።

እንግዲህ በማሳችን የምናደርገውን እንመልከት። መድኃኒቱ በሃይላንድ ክዳን ይለካል፤ ውድ ስለሆነ እንዲበረክት ውኃ ይጨመርበታል፤ ከላይ ከላይ ተረጭቶ የቅጠሉ ጀርባ ይቀራል። ይህ መግደል ሳይሆን ማስጨነቅ ነው፤ እንዲያውም የኮክ አረንጓዴ ክሽክሽ በቤተ ሙከራ አነስተኛ መጠን ያለው ኢሚዳክሎፕሪድ ሲያገኘው አብልጦ እንደሚወልድ ታይቷል። አልሞት ሲል ገበሬው ወደ ሱቅ ሄዶ ሌላ ስም ያለው ጠርሙስ ይገዛል፤ የሚያሳዝነው ግን አዲሱ ጠርሙስ አብዛኛውን ጊዜ የአሮጌው ወንድም መሆኑ ነው። ማላታዮን፣ ዳያዚኖንና ዳይሜቶኤት በዓለም አቀፉ አመዳደብ ሁሉም 1ቢ ናቸው፤ ላምዳ ሳይሃሎትሪን፣ ሳይፐርሜትሪንና ዴልታሜትሪን 3ኤ ናቸው፤ ኢሚዳክሎፕሪድና ታያሜቶክሳም 4ኤ ናቸው። በአንድ መደብ ውስጥ ያሉት ተባዩን የሚያጠቁት በአንድ በኩል ነው፤ ስም መቀያየሩ ለገበሬው ወጪ እንጂ ለተባዩ ለውጥ አይደለም።

ስለዚህ የቀበሌ የግብርና ባለሙያዎች መድኃኒት ቀይሩ ከማለት ይልቅ መደብ ቀይሩ ብለው እንዲያስተምሩ፣ ሻጮችም የንግድ ስሙን ብቻ ሳይሆን በመያዣው ላይ በደቃቅ ፊደል የተጻፈውን የንጥረ ነገር ስም ለገዢው እንዲያሳዩ እጠይቃለሁ። ከእናንተም የምጠይቀው አለኝ። የእርሻ ዓምዳችሁ ለጎመንና ለቲማቲም የሚሸጡትን መድኃኒቶች ንጥረ ነገር ከነመደብ ቁጥራቸው በአንድ ሰንጠረዥ፣ በአማርኛና በኦሮምኛ፣ የመስኖው ተከላ ከመጀመሩ በፊት ቢያወጣልን፣ ቆርጠን መድኃኒት በምናስቀምጥበት መጋዘን በር ላይ እንለጥፈዋለን።

ከአክብሮት ጋር፣
አንድ አትክልት አምራች፣ ከአቃቂ