ታይታኒየም መሆኑ ብቻ ሳይሆን ልባሱም ይጠየቅ

ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፣

በደሴም ሆነ በኮምቦልቻ አጥንቱ የተሰበረ ሰው ለቀዶ ሕክምና ሲዘጋጅ፣ ቤተሰቡ አስቀድሞ የሚያነሣው ጥያቄ «የሚገባለት ብረት ታይታኒየም ነው ወይስ ተራው?» የሚል ሆኗል። ጥያቄው ተገቢ ነው። የማቴሪያል ምህንድስና መምህር እንደመሆኔ ግን አንድ ነገር የጎደለው ይመስለኛል፤ የሰውነታችን ሕዋሳት የሚያገኙት የብረቱን ውስጥ ሳይሆን ገጹን ነውና።

ታይታኒየም አየር እንደነካው ውፍረቱ ከጥቂት ናኖሜትር የማይበልጥ የኦክሳይድ ሽፋን ያበጃል፤ ከዝገት የሚጠብቀውም፣ ሰውነት እንዲቀበለው የሚያደርገውም ይኸው ሽፋን ነው። ስዊድናዊው ተመራማሪ ፔር ኢንግቫር ብሮኔማርክ በ1950ዎቹ (እ.ኤ.አ.) በጥንቸል አጥንት ውስጥ የከተተውን የታይታኒየም መሣሪያ ሊያወጣ ሲል አጥንቱ አጥብቆ ይዞት ስላገኘው፣ ግኝቱን በ1965 ለሰው ጥርስ ተከላ አውሎታል። ይሁን እንጂ አጥንት በፍጥነትና በስፋት እንዲይዘው ለሚፈለግ ዕቃ፣ ለምሳሌ ያለ አጥንት ማጣበቂያ ሲሚንቶ ለሚተከል የዳሌ መገጣጠሚያ፣ ተጨማሪ ልባስ ይደረግለታል። ከእነዚህ በብዛት የሚታወቀው ከአጥንታችን ማዕድን ጋር የሚቀራረበው ሃይድሮክሲአፓታይት የተባለ የካልሲየምና የፎስፌት ውሁድ ነው።

አስቸጋሪው ነገር ያለው በአለባበሱ ላይ ነው። የማዕድኑ ዱቄት እጅግ በጋለ ፕላዝማ (የደም ፕላዝማ ሳይሆን በኤሌክትሪክ የጋለ ጋዝ) ውስጥ እየተረጨ፣ ከፊሉ ቀልጦ ብረቱ ላይ ይለጠፋል፤ ሙቀቱ ከልክ ካለፈ ማዕድኑ ይበታተንና በሰውነት ፈሳሽ ቶሎ ወደሚሟሟ ሌላ ውሁድ ይለወጣል። የብረቱ ገጽ አስቀድሞ በደንብ ካልሻከረም ልባሱ በቅጡ ባልተመረገ ግድግዳ ላይ እንደተቀባ ኖራ ሊረግፍ ይችላል፤ የረገፈው ፍርፋሪ ደግሞ መገጣጠሚያው ውስጥ ገብቶ ይፈጨዋል። አይኤስኦ 13779 የተባለው ዓለም አቀፍ መስፈርት የልባሱ የመጣበቅ ጥንካሬ በአማካይ ከ15 ሜጋፓስካል እንዳያንስ የሚጠይቀው በዚህ ምክንያት ነው። ስለዚህ ሻጭ «ልባስ አለው» ስላለ ብቻ መግዛት አይገባም፤ የውፍረቱንና የጥንካሬውን የፍተሻ ሰነድ ያቅርብ።

በሌላ በኩል ልባስ ሁልጊዜ ይጠቅማል ማለት አይደለም። ስብራቱ ከጠገነ በኋላ የሚወጡ ፕሌትና ብሎኖች አጥንት ባይጣበቅባቸው ይመረጣል፤ ከተጣበቀባቸው ሐኪሙ ሲያወጣቸው ይቸገራል፣ ብሎኑም ሊሰበር ይችላል። ለእንዲህ ዓይነቱ ዕቃ አጥንት የሚስብ ልባስ በተጨማሪ ዋጋ መሸጥ በሽተኛውን ሁለት ጊዜ ማስከፈል ነው። ቁስሉ የቆሸሸ ክፍት ስብራት ግን ሌላ ስሌት ይፈልጋል፤ ከደሴ ኮምቦልቻ የሚወርደውን ጠመዝማዛ መንገድ የሚያውቅ ሰው ይህ ለእኛ ምን ያህል ቅርብ ጉዳይ እንደሆነ አያጣውም። ባክቴሪያ ከሕዋሳት ቀድሞ ገጹን ከያዘ መድኃኒት የማይበግረው ስስ ሽፋን ይሠራል፤ ይህን ለመከላከል ጄንታማይሲን የተባለ ፀረ ባክቴሪያ መድኃኒት ወይም ብር የተባለው ማዕድን ያለበት ልባስ ይዘጋጃል። ብሩ ከመጠን ካለፈ ግን የአጥንቱንም ሕዋስ ይጎዳል።

በመሆኑም ሆስፒታሎቻችን የጨረታ ሰነድ ሲያዘጋጁ «ታይታኒየም» ብለው ከማለፍ ይልቅ፣ የትኛው ዕቃ ለስላሳ፣ የትኛው ሻካራ፣ የትኛው የተለበጠ እንደሚሆን ለይተው ቢጽፉ፣ የኢትዮጵያ ምግብና መድኃኒት ባለሥልጣንም ለተለበጡት የፍተሻ ሰነድ መቅረቡን ቢያረጋግጥ እላለሁ። ወሎ ዩኒቨርሲቲም የሕክምና ትምህርቱን በደሴ፣ የምህንድስናውን በኮምቦልቻ የሚሰጥ እንደመሆኑ፣ በቀዶ ሕክምና የሚወጡት ብረቶች በበሽተኛው ፈቃድ ከጀርም ጸድተው ወደ ኮምቦልቻ ቢላኩ፣ ገጻቸው በማይክሮስኮፕ ታይቶ ልባሱ የቱ ጋ እንደለቀቀ፣ ብረቱስ የት እንደተበላ ለሐኪሞቹ መልሶ መንገር ይቻላል።

ከአክብሮት ጋር፣
አንድ የማቴሪያል ምህንድስና መምህር፣ ከኮምቦልቻ