የጮቄ የግጦሽ መሬት የአፈር ሙቀትና እርጥበት ይለካ

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፤

ከጮቄ ተራራ የሚነሡ ምንጮች በበጋ ስለ መድከማቸው በተወራ ቁጥር ጥፋቱ ሁሉ በዝናቡ ላይ ይላከካል። የዝናቡ ሁኔታ መጠናት እንዳለበት አልክድም። ነገር ግን በምሥራቅ ጎጃም ደጋ እንደሚሠራ የግብርና ባለሙያ፣ የወረደው ዝናብ ምን ያህል ነው ከሚለው ባልተናነሰ መሬቱ ከዚያ ውስጥ ምን ያህሉን ይዞ ያቆያል የሚለው ሊያስጨንቀን ይገባል እላለሁ። ይህንን የሚነግረን የዝናብ መለኪያ ሳይሆን አፈሩ ራሱ ነው።

የጮቄ ከፍታ ከባሕር ጠለል በላይ 4,000 ሜትርን ያልፋል፤ ጨሞጋንና ሙጋን የመሳሰሉ የዓባይ ገባሮችም የሚነሡት ከዚሁ ነው። በሐምሌና በነሐሴ ሰማዩ በደመና ስለሚሸፈንና አፈሩ ውኃ ጠግቦ ስለሚከርም፣ በቀንና በሌሊት መካከል ያለው የአፈር ሙቀት ልዩነት አነስተኛ ነው። ውኃ ቶሎ አይሞቅም፣ ቶሎም አይቀዘቅዝም፤ እኩል ይዘት ካለው ደረቅ አፈር ጋር ሲነጻጸር ሙቀቱን በአንድ ዲግሪ ከፍ ለማድረግ ከእጥፍ የሚበልጥ ኃይል ይጠይቃል። ከጥቅምት ወዲህ ግን ሰማዩ ይጠራል፣ አፈሩም ከላይ ወደ ታች እየደረቀ ይሄዳል፤ ቀን በፀሐይ የሞቀው መሬት ሌሊት ሙቀቱን ያለ ከልካይ ይለቃል፣ ውርጩም ይከተላል።

ጓሳና ሌላው ሣር ጥቅጥቅ ብሎ በያዘው መሬት ላይ ይህ መለዋወጥ ይለዝባል፤ ሣሩ ቀን ጥላ፣ ሌሊት ጋቢ ሆኖ አፈሩን ይጠብቀዋል፣ የረገፈው ቅጠልም ትነቱን ይቀንሳል። ልቅ ግጦሽ ባራቆተው መሬት ላይ የሚሆነው ግን ሌላ ነው። እዚያ የላይኛው ጥቂት ሴንቲ ሜትር አፈር ሌሊት ሊረጋ፣ እኩለ ቀን ላይ ደግሞ ክፉኛ ሊግል ይችላል። በአፈሩ ውስጥ የቀረው ውኃ ወደ በረዶ ሲለወጥ ይዘቱ በ9 በመቶ ገደማ ይጨምራል፤ ከሥር እየተሳበ የሚረጋው ውኃ ደግሞ እንደ መርፌ ቀጥ ብሎ እያደገ አፈሩን ሽቅብ ያነሣዋል፣ ሥር ያልሰደደውን ቡቃያም አብሮ ይነቅለዋል። ረፋዱ ላይ በረዶው ሲቀልጥ የላላ አፈር ይቀራል፤ ይህንንም ነፋስ ወይም የመጀመሪያው ዝናብ ጠርጎ ይወስደዋል። ከዚህ በተጨማሪ በደጋ ቅዝቃዜ ቀስ እያለ የሚፈርሰው ብስባሽ፣ መሬቱ ተራቁቶ ሲሞቅ ቶሎ ይባክናል። አፈሩ ውኃ ይዞ እንዲቆይ ይኸው ብስባሽ ትልቅ ድርሻ ስላለው እኔን ከሁሉ የሚያሳስበኝ ይህ ጉዳት ነው፤ የተጠረገ ሣር በጥቂት ክረምት ሊመለስ ሲችል የባከነ ብስባሽ ግን ለመተካት ረጅም ዘመን ይፈልጋል።

በየዓመቱ በበጋ ሕዝቡ በነቂስ ወጥቶ የሚያከናውነው የተፋሰስ ሥራ ታላቅ ክብር ይገባዋል። ሆኖም ውጤቱ የሚነገረን በተሠራው እርከን ርዝመትና በተተከለው ችግኝ ብዛት ነው፤ አፈሩ ከመስከረም በኋላ ለስንት ሳምንት እርጥበት ይዞ እንደሚቆይ ቢነገረን ይበልጥ በጠቀመን ነበር። የደብረ ማርቆስና የባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲዎች ከወረዳ ግብርና ጽሕፈት ቤቶች ጋር ሆነው፣ ጓሳ በሸፈነው፣ በተራቆተውና ከግጦሽ በተከለለው መሬት ላይ በ5፣ በ20 እና በ50 ሴንቲ ሜትር ጥልቀት መለኪያ ቢተክሉ፣ ንባቡንም ክረምትና በጋ ሳያቋርጡ ቢመዘግቡ፣ የትኛው ሥራ ውኃ እንዳቆየ በግልጽ ይታያል።

እስከዚያው ግን አንድ ነገር ማድረግ ይቻላል። ውኃ የጠገበ አፈር በከብት ኮቴ ሲረገጥ ስለሚጠቀጠቅና ውኃ ማስረግ ስለሚያቅተው፣ ቢያንስ በሐምሌና በነሐሴ ከብቶች ከተራቆተው ተዳፋት እንዲርቁ ከአርሶ አደሩ ጋር በምክክር ቢወሰን መልካም ነው። ከብቱን የሚያበላው ሳይዘጋጅለት ዝም ብሎ ተከልክለሃል ማለት ግን ግፍ ስለሆነ፣ ከተከለለው ቦታ ሣር አጭዶ የመውሰድ መብቱ በቅድሚያ በጽሑፍ ሊረጋገጥለት ይገባል።

አክባሪያችሁ፣
ከደብረ ማርቆስ